ከወፏ ሥር የተጻፈው ስም

ቲክቫ ገጹን ገልጣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«በይ፣ አንብቢው እንጂ!» አለች ታንጉ፣ ጭቃ የነካውን እጇን በሽርጧ እየጠራረገች። «ዳፍና ስለኛ ምን ብላ ጽፋለች?»

ስምንቱ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ዓይናቸውን እሷ ላይ ጥለዋል። የሚሠሩበት ቤት ሚቅላት ነው፤ ጊቫት ሃሞሬ ኮረብታ ላይ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሥር ያለ መጠለያ። ባለፈው ዓመት በጦርነቱ ጊዜ ሮኬት ሲወድቅ የሕንጻው ሰው ሁሉ እዚህ ተፋፍጎ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ከጎንደር የመጡት ሴቶች ለምነው ተረክበውት ሸክላ ይሠሩበታል። ዕቃቸውን የምትሸጥላቸው ዳፍና ከሃይፋ የላከችውን አዲስ መጽሔት ግን አንዳቸውም ማንበብ አይችሉም፤ ዕብራይስጡን ለገበያና ለሰላምታ ያህል እንጂ አያውቁትም፣ ፊደሉንማ ጨርሶ አይለዩም። ቲክቫ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ የተጠራችው ለዚህ ነው።

ገጹ ላይ አንድ ባለ ክዳን ማሰሮ ይታያል። ክዳኑ ላይ ወፍ ተቀምጣለች፤ አንገቷን አዙራ የራሷን ጭራ የምታይ ወፍ።

«ውይ፣ ወፏ! የፋናዬ ወፍ!» ታንጉ አጨበጨበች። ሌሎቹም መጽሔቱ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

የቲክቫ እናት ፋናዬ ከሸክላ መሥሪያ ማሽኑ ጀርባ እንደ ማፈር ብላ ፈገግ አለች። ይህችን ወፍ ከስምንቱ የምትሠራው እሷ ብቻ ነች። በወፏ ሥር ግን በደማቅ ፊደል የተጻፈው «ምንይሹ» የሚል ስም ነው።

ቲክቫ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ምንይሹ የጓደኛዋ የናዖሚ እናት ናቸው። እንደ ሁልጊዜው ጥጉ ላይ ተቀምጠው፣ ቀና ሳይሉ፣ የጎድጓዳ ሳህን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ያለሰልሳሉ።

«ፋናዬ ይላል» አለች ቲክቫ። ለምን እንዲያ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። የእናቷ ፊት እንዳይጠወልግ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻለችም። ጽሑፉን እያነበበች ወደ አማርኛ መለሰችው፤ «ምንይሹ» የሚለውን በየቦታው «ፋናዬ» እያደረገች። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ሴትዮዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ከእናቷ ጋር ማሰሮ ይዛ ገበያ ትወርዳለች። በዚያ አገር ሸክላ ሠሪ «ቡዳ ነው» ይባላል፤ ሥራው ይፈለጋል፣ ሠሪው ይፈራል። አንዲት ገዢ ማሰሮውን ወደደችው፤ የልጅቱን እጅ ላለመንካት ግን ሳንቲሙን መሬት ላይ ጣለችው። ልጅቱ ጎንበስ ብላ አላነሳችም። ማሰሮውን ብድግ አድርጋ እዚያው ድንጋይ ላይ ከሰከሰችው። እናቷ አልመታቻትም። ቤት ሲገቡ ጭቃ ሰጠቻትና፣ «ያቺ ሴትዮ አይታ የምትጸጸትበትን ሥሪ» አለቻት። ልጅቱ ክዳኑ ላይ ወፍ ሠራች። በሳምንቱ ያቺ ገዢ መጥታ ሽጪልኝ ብላ ለመነች። «አይሸጥም» አለቻት ልጅቱ።

ታንጉ እልልታዋን ለቀቀችው። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ፋናዬ ግን፣ «ኧረ ተዉኝ፣ የልጅነት ነገር ነው» ብላ ጭቃዋን መጨበጥ ጀመረች።

ቲክቫ መጽሔቱን ዘጋችው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከእናቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። አሁን የሰማችው ከገዛ አፏ ነው፤ ያውም የሌላ ሰው ስም ከተለጠፈበት ወረቀት።

ማታውን ክፍሏ ገብታ መጽሔቱን እንደገና ገለጠችው። የእናቷ ስም ከኋላ፣ ገጽ አሥራ አንድ ላይ ተገኘ። ከአንዲት ተራ ሳህን ጎን ሁለት መስመር ብቻ፦ «ፋናዬ ጭቃ መሥራት ትወዳለች። ሥራውን ከእናቷ ተምራለች።»

ነገሩ የተበላሸበትን ቀን ቲክቫ በደንብ ታውቀዋለች። ከፋሲካ በፊት የሃይፋዋ ዳፍና ደብተሯን ይዛ የሴቶቹን ታሪክ ልትሰማ መጥታ ነበር። የዳፍና ሱቅ የፍትሐዊ ንግድ ሱቅ ነው። ከእሷ በፊት አንድ ነጋዴ ዕቃቸውን በርካሽ ሰብስቦ «የአፍሪካ ጌጥ» እያለ ይሸጥ ነበር፤ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ገዢ አልነበረም። ዳፍና ስትመጣ ነገሩ ተለወጠ። ዋጋውን ሠሪዋ ራሷ ትናገራለች፣ ለጭቃውና ለማቃጠያው ግማሹ ቀድሞ ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ደግሞ የሠራችው ሴት ስም ይንጠለጠላል። ፋናዬ ጠዋት ጠዋት ፋብሪካ የምታጸዳ ሴት ነች፤ ከሦስቱ ሁሉ የወደደችው የመጨረሻውን ነበር። «ስሜ ሃይፋ ገባ» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር።

ስሞቹን በትንንሽ ወረቀት ላይ የሚጽፉት ቲክቫና ናዖሚ ናቸው። ያን ቀን ማስተርጎም የነበረባት ቲክቫ ነበረች። ግን የክፍሏ ልጆች ሲኒማ ሊገቡ ነበርና ለእናቷ፣ «ሚብሓን አለብኝ፣ የሒሳብ ፈተና» ብላ ዋሸች። ለናዖሚ ደግሞ መልእክት ላከችላት፦ «በኔ ቦታ አስተርጉሚ፣ ነፍሴ።»

ናዖሚ በእሷ ቦታ አስተረጎመች።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱ እንደ ልማዳቸው ከጊቫት ሃሞሬ በአንድ አውቶቡስ ወረዱ። ማዕከላዊ ጣቢያው ወደየቤታቸው በሚሄዱ ወታደሮች ተጨናንቋል። ቲክቫ ናዖሚን በክንዷ ይዛ ሳምቡሳ የመሰለ ቡሬካስ ከሚሸጠው ሰው ጀርባ ወሰደቻትና መጽሔቱን ገልጣ ደረቷ ላይ ለጠፈችባት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ናዖሚ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ። «ዮ፣ ቲክቫ... እንዲህ በትልቁ ያወጡታል ብዬ አላሰብኩም።»

«የእናቴን ወፍ ለእናትሽ ሰጠሻት? የእናቴን ታሪክ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! እናቴ ስንት ሰዓት አወራች? አንቺ ምን ብለሽ አስተረጎምሽ? ጭቃ ትወዳለች?»

ናዖሚ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አንቺ አልነበርሽም። አላየሽም። ዳፍና እናቴን ጠየቀቻት። እማ ‹እኔ ምን አለኝ› አለች፤ አለቀ። ዳፍና ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። እማ መሬት መሬት ታያለች። ሦስት ጊዜ የሠራችው ማቃጠያው ውስጥ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዕቃ አልተሸጠላትም። ‹ከእንግዲህ አልወርድም› ብላኝ ነበር። አባ ከሞተ በኋላ ያን ዓመት ሙሉ እንዴት እንደተኛች ታውቂያለሽ። ተመልሳ ትተኛ ነበር፣ ቲክቫ።»

«እና የኛን ወሰድሽ?»

«እናትሽ እኮ ያለ ወፍም ትሸጣለች። እናትሽ አፍ አላት። የኔ የላትም።»

ቲክቫ ልቧ ለአፍታ ሊራራ ሲል የማሰሮው ሥዕል እንደገና ዓይኗ ውስጥ ገባ። «እሑድ ዳፍና ትመጣለች። ለሃይፋው ትርዒት ምንይሹን ልትጋብዝ ነው፤ ሰው ፊት ወፏን እንዲሠሩ። ገጹ ግርጌ ላይ ተጽፏል፣ አንብበሽዋል? ከመምጣቷ በፊት እኔ ለእናቴ እነግራለሁ።»

«ከነገርሽ ሱቁ ሁላችንንም ይተወናል! ‹ዋሽታችኋል› ብለው ታንጉንም፣ ሁሉንም!»

«እነግራለሁ።»

ናዖሚ መጽሔቱን ከደረቷ ላይ ገፋችው። ከዚያ ቲክቫ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምታው በማታውቀው ቀዝቃዛ ድምፅ፣ «ቤሴደር፣ እሺ ንገሪ» አለቻት። «እኔም ያን ቀን ፈተና ሳይሆን ሲኒማ እንደነበርሽ እነግራታለሁ። ከክፍልሽ ልጅ ከአቪሻይ ጎን ቁጭ ብለሽ ፖፕኮርን ስትበዪ እናትሽ እዚያ በር በሩን ስታይ እንደነበረ እነግራታለሁ። ‹ቲክቫዬ መቼ ትደርሳለች?› እያለች ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች።»

ቲክቫ በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ አፈገፈገች። የነገረቻትን ምስጢር ሁሉ አሰበች፤ አንድ በአንድ። ለካ ናዖሚ ዘንድ ያስቀመጠችው ምስጢር አንድ ቀን ድንጋይ ሆኖ ይወረወርባት ኖሯል። መጽሔቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

የሰንበት ዕለት አባቷ አንዳርጌ ምኩራብ ሄዷል። ፋናዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ጭቃ የለመደ እጇን ሥራ ፈት ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ቁልቁል ሸለቆውን ታያለች። ቲክቫ መጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና መጣች።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ የምትንቆራጠጪው?»

«እማ፣ ያ መጽሔት... እንደተጻፈው አላነበብኩልሽም።»

ነገረቻት። ስሙን፣ ገጽ አሥራ አንድን፣ ናዖሚን። ከዚያም ጣቶቿን እያየች ሲኒማውን ነገረቻት፤ ሌላ ሰው ከሚነግርባት ራሷ ብትናገረው ይሻላል ብላ። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ፋናዬ እጇን ከጭኗ ላይ አንሥታ የበረንዳውን ብረት ያዘች። ታች መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ናዖሚስ ለእናቷ ብላ ነው» አለች በመጨረሻ። «ልክ አይደለም፣ ግን ለእናቷ ብላ ነው። አንቺ ሐሙስ ዕለት ስሜን አንብበሽ ታንጉ እልል ስትልልኝ፣ ለማን ብለሽ ነበር?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«እኔ የማላነብ ነኝ እንጂ ልጅ አይደለሁም፣ ቲክቫ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቲክቫ፣ «ያን ታሪክ ለምን ለኔ ነግረሽኝ አታውቂም?» ልትል ፈልጋ ነበር። ግን መልሱን ታውቀዋለች። የሚነገርበት ቀን ነበር፤ እሷ ሲኒማ ሄደች።

«ነገ ምን ትያለሽ?» አለች።

«እኔ ምንም አልልም» አለች ፋናዬ ተነሥታ። «ቋንቋው ያለው አንቺ ዘንድ ነው። የምታደርጊውን አያለሁ።» ገብታ መስኮቱን ዘጋችው።

እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ዳፍና ወደ ሚቅላቱ ወርዳ ገባች። ሽበታም፣ ባለ መነጽር፣ ሳቂታ ሴት ነች። ሴቶቹን አንድ በአንድ ጨበጠችና ከቦርሳዋ የወፏን ማሰሮ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ለፎቶ ወስዳው የነበረው ነው። ናዖሚ ከደረጃው ግርጌ፣ በሩ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኖቿ ቲክቫን ይከተላሉ፤ ይለምናሉ ወይም ያስፈራራሉ፣ መለየት ያስቸግራል።

«ዛሬ ማን ያስተረጉምልኛል?» አለች ዳፍና።

«እኔ» አለች ቲክቫ።

ዳፍና ወደ ጥጉ ዞረች፤ በደስታ ተሞልታ ለምንይሹ ማውራት ጀመረች። ቲክቫ እናቷን አየቻት። ፋናዬ ቀና አላለችም፤ ጭቃዋን ታድቦለቡላለች። አንድ ቃል ብትጨምር፣ አንዱን ብትውጥ፣ ሁሉም ነገር በሰላም ያልፋል። ወይም ጣቷን ወደ በሩ ዘርግታ «ሌባ!» ብትል አንጀቷ ይርሳል። ከዓርብ ጀምሮ ያንን ስትለማመድ ነበር።

ትንፋሿን ሳበችና የተባለውን፣ የተባለውን ብቻ፣ መናገር ጀመረች።

«እትዬ ምንይሹ፣ ወፍዎን ሰው ሁሉ ወደዳት ትላለች። በልጅነትዎ ገበያ ላይ ማሰሮውን የሰበሩበት ታሪክ ብዙ አንባቢ አስለቅሷል ትላለች። ሃይፋ ለሚደረገው ትርዒት መጥተው ሰው ፊት ወፏን ቢሠሩልን ትላለች።»

የታንጉ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

ምንይሹ እርጥቡን ጨርቅ አስቀመጡ። «የቱ ወፍ?» አሉ።

ምንይሹ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ማሰሮውን በሁለት እጃቸው አነሡ፤ ዞር ዞር አድርገው አዩት፤ ከዚያ በሴቶቹ መካከል አልፈው ፋናዬ ፊት አኖሩት። ወደ ዳፍና ዞሩና እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ከአፋቸው ሰምቶት በማያውቀው ዕብራይስጥ፣ «ሎ ሸሊ» አሉ። የኔ አይደለም።

ዳፍና መነጽሯን አወለቀች። ግራ በመጋባት ቲክቫን አየቻት። ቲክቫም አስረዳቻት፦ ታሪኩ የእናቷ የፋናዬ መሆኑን፣ ያን ቀን ማስተርጎም የነበረባት እሷ እንደነበረች፣ እንደዋሸችና እንዳልመጣች። የናዖሚን ስም አልጠራችም። መጥራትም አላስፈለገም፤ ዳፍና ያን ቀን ማን እንዳስተረጎመላት ታስታውሳለች። ሁሉም ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

«እማ...» አለች ናዖሚ፣ እንባዋ እየወረደ።

ምንይሹ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት። «ዝም ስል፣ የምናገረው የሌለኝ መሰለሽ?»

ናዖሚ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ዳፍና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፈገግታዋ ጠፍቷል። ሰዎች ሱቋ ድረስ የሚመጡት ስሙን አምነው እንደሆነ ተናገረች፤ ስሙ ውሸት ከሆነ እሷም ከዚያ ከድሮው ነጋዴ አትለይም። መጽሔቱን ከሱቁ ታነሣለች፣ ላነበቡት ሁሉ ማስተካከያ ትጽፋለች፤ ግብዣውና አዲሱ ትእዛዝ እስከዚያ ይቆያል። ቲክቫ ይህንንም ሳትቀንስ አስተረጎመችው። አንዳንዶቹ ሴቶች በረጅሙ ተነፈሱ። የሚጠብቁት ገንዘብ ነበርና።

«ስሜን ታስተካክል» አለች ፋናዬ። ድምፅዋ አልቀዘቀዘም፣ አልሞቀምም። «ስለ ሃይፋው አስቤ እነግራታለሁ በያት።»

ዳፍና ራሷን ነቀነቀች፤ ደብተሯንም አዲስ ገጽ ላይ ገለጠችው። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ሁላችሁንም እንደገና እሰማለሁ። ማን ትቀድማለች?»

ታንጉ ልትናገር ስትል ምንይሹ ቀደሟት።

«እኔ» አሉ። ከዚያ ናዖሚን አልፈው ቲክቫን አዩአት። «አንቺ ተናገሪልኝ። እኔ ያልኩትን ብቻ።»

ቲክቫ ወደ በሩ አየች። ናዖሚ አልሄደችም፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቅፋለች። የጣቢያው ቀን እንደ እሾኽ ቲክቫ ደረት ውስጥ ተሰክቷል፤ ገና አልወጣም፣ መቼ እንደሚወጣም አታውቅም። የዚህችን ልጅ እናት ታሪክ አሳምሮ መናገር የእሷ ዕዳ አይደለም። እንዲህ እያሰበች ወንበሯን አነሣችና ምንይሹ አጠገብ አስጠግታ ተቀመጠች።

«እኔ ሸክላ ሠሪ አልነበርኩም» ብለው ጀመሩ ምንይሹ፣ ሳህናቸውን እያዩ። «ባሌ እያለ ጭቃ ነክቼ አላውቅም። እሱ ሞቶ ዓመት ሙሉ ከተኛሁ በኋላ ፋናዬ እጄን ይዛ እዚህ አወረደችኝ። የመጀመሪያውን ሳህን ስሠራ ሆዴ ባባ።»

ቲክቫ ወደ ዳፍና ዞራ ጀመረች፤ የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ‹አዘነች› ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ሆዴ ባባ ማለት... አዘንኩ ማለትዎ ነው፣ እትዬ ምንይሹ?»

ምንይሹ አሰቡ። «አይ፣ ሐዘን ብቻ አይደለም።»

«እንግዲያው ቀስ ብለው እንደገና ይንገሩኝ» አለች ቲክቫ፤ ብዕሯን ያዘጋጀችውን ዳፍናንም ትንሽ እንድትጠብቅ በእጇ ምልክት ሰጠቻት።